ዶልፊን ዓሣ ነውን?



የዛሬው ትምህርታችን ጥርስ ስላላቸው ትንንሽ ዓሣ ነባሪዎች ነው። በጥያ፣ በቡታጅራና በወልቂጤ ያላችሁ ወገኖች «ባሕርና እኛ ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ ግን ላም ለሚያልብ ሰው እንግዳ አይደለም።

ዓሣ ነባሪ ሁሉ ግዙፍ አይደለም። ዶልፊን ከትንንሾቹ አንዱ ነው። በቀይ ባሕር፣ በምፅዋና በጅቡቲ በኩል ይገኛል። በሰፊው የታወቀው ዓይነት ከ2 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል።

ዶልፊን ዓሣ ይመስላል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንዴት ቢሉ፦

አንደኛ፣ ዓሣ በስንጥቡ ውኃ ውስጥ ይተነፍሳል። ዶልፊን ግን እንደኛ ሳንባ አለው። አፍንጫው አናቱ ላይ ነው። አየር ለመሳብ ከውኃው ብቅ ይላል።

ሁለተኛ፣ ዶልፊን እንቁላል አይጥልም። 12 ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ ጡትም ታጠባለች።

ሦስተኛ፣ የዓሣ ጅራት ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዶልፊን ግን ወደ ላይና ወደ ታች ነው።

ዓሣ ነባሪዎች ከየብስ እንስሳት ሁሉ የሚቀርቡት ለጉማሬ ነው።

ጥርሱስ? መያዣ እንጂ ማኘኪያ አይደለም። ያደነውን ዓሣ ሳያኝክ ይውጠዋል።

ታዲያ በጨለማ ባሕር ውስጥ እንዴት ያድናል? ገደል አፋፍ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን ይመለሳል፤ የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ዶልፊንም ድምፅ ይልካል። ድምፁ ዓሣው ላይ ነጥሮ ሲመለስ የት እንዳለ ያውቃል።

ቀጭን የናይለን መረብ ግን ድምፁን አጉልቶ አይመልስለትም። እንስሳው ሳያውቀው ይጠላለፋል፤ ብቅ ብሎ መተንፈስ ያቅተውና ይሞታል።

በሜክሲኮ አገር፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ፣ ቫኪታ የምትባል የዶልፊን ዘመድ አለች። ቁመቷ 1 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ቫኪታ ማለት በስፓኝ ቋንቋ «ትንሽ ላም» ማለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ቁጥራቸው 567 ያህል እንደሆነ ተገመተ። በ2024 በተደረገው ቅኝት የታዩት ግን ከ6 እስከ 8 ብቻ ናቸው። ማንም እሷን ሊያጠምድ አልተነሣም፤ የጨረሳት ለሌላ ዓሣ የተዘረጋ መረብ ነው። በ2017 መንግሥት እንዲህ ያለውን መረብ በዚያ አካባቢ ለዘለቄታው ከለከለ። ይሁን እንጂ ተደብቆ የሚዘረጋው አልቀረም።

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡና ይህን ጥያቄ ጻፉ፦ «ዶልፊን በውኃ ውስጥ እየኖረ ለምን በውኃ ታፍኖ ይሞታል?» መልሱን ከጎረቤታችሁ ጋር ተወያዩበት።

ደኅና ሁኑ።