የልጆች የአዲስ አበባ ጉዞ፦ በአዝመራ ይገዛል፣ በክረምት ይበላል

ዛሬ እሑድ ስለሆነ የዋጋ ሰንጠረዥ የለንም። በምትኩ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነገር ላንሳ። ጥያቄው ስለ ቡናም ስለ ሰሊጥም አይደለም። "ልጆቼን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወስጄ ባሳያቸው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ወጪው እንዴት ይቻላል?" የሚል ነው።

"ኅዳር ላይ እሸት ቡና እየተለቀመ ስለ ሽርሽር ምን ታወራለህ?" የምትሉ አትጠፉም። ወሬው የኅዳር ወሬ የሆነበት ምክንያት አለው። የእኛ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ትምህርት ቤት በደንብ የሚዘጋው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ፣ የገበሬው ኪስ ባዶ፣ የነጋዴው ጭንቅላት በግብር የተያዘበት ወር ነው። ልጆቹ ነፃ ሲሆኑ ገንዘቡ የለም፤ ገንዘቡ ሲኖር ልጆቹ ክፍል ናቸው። በአብዛኞቻችን ቤት ጉዞው በየዓመቱ "ለከርሞ" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አዲስ አበባ ስለማይቀመስ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ጉዞውን እንደ ቅድሚያ ውል ያዙት። ክፍያው በአዝመራ፣ ርክክቡ በክረምት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

አቅራቢ ከሆናችሁ ከቡና መግዣው ብር አትንኩ። የሥራ ማስኬጃ ከተነካ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ቀይ ቡና ሲመጣ ጉድለቱ ይታያል፤ ያኔ አራጣ አበዳሪ ጋ መሄድ ነው። የዩኒየን ሠራተኛ ከሆናችሁም ከደመወዝ ላይ በአንድ ወር ይወጣል ማለት ዘበት ነው።

እኔ ጅማ ነው የምኖረው፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ከባለቤቴ ጋር የምናደርገው ቀላል ነገር ነው። ኅዳር ላይ የሚጀምር ትንሽ ዕቁብ አለን፤ ዕጣችንን ሰኔ ላይ እንዲሆን ለምነን እናስቀምጣለን። ዕቁብ የማይመቸው ሰው የተለየ የባንክ ደብተር ከፍቶ በየጭነቱ ትንሽ ትንሽ ያስገባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ሐምሌ ላይ ከባዶ መነሳት ግን ብድር መጥራት ነው።

መቼ እንሂድ?

አልጋም እንደ ምርት ወቅት አለው። ሦስት ጊዜዎችን ላወዳድር።

አንደኛው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ ማለትም ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነው። እጅ ላይ ብር አለ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ዕረፍቱ አጭር ነው፤ በዚያ ላይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የሚካሄደው በየካቲት ነው። በዚያ ሳምንት ሆቴሎች ይይዛሉ፣ ዋና ዋና መንገዶች ይዘጋጋሉ። በዚህ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የጉባኤውን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡና ሽሹት።

ሁለተኛው ከጳጉሜ በፊትና በጳጉሜ ያለው ጊዜ ነው። ለዘመን መለወጫ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፤ ትኬት ይጠፋል፣ በግ ይወደዳል፣ ዘመድም በራሱ ዝግጅት ይወጠራል። ለቱሪስት ደስ ይላል፣ ለበጀት ግን አይሆንም።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፦ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ዝናብ አለ፣ አዎ። ግን ልጆች የሚያዩት ነገር አብዛኛው ጣሪያ ስር ነው። የምረቃው ግርግር ስለሚቀንስ ከፔንሲዮን ባለቤት ጋር ዋጋ መነጋገር ይቻላል። አርብና ቅዳሜ የሚሸጥ አልጋ ማክሰኞ ባዶ ሊያድር ይችላል፤ ባዶ የሚያድር አልጋ ደግሞ እንደሚበላሽ ምርት ነው፤ ባለቤቱ ይደራደራል።

ብዛቱን እኔ፣ ዋጋውን እናንተ

ብሩን ዛሬ ብጽፍላችሁ ሐምሌ ላይ ውሸታም እሆናለሁ። ስለዚህ እንደለመድነው በብዛት እንሥራ፤ ዋጋውን በሰዓቱ እናንተ ሙሉበት። ቤተሰቡ አምስት ሰው፣ ቆይታው ሦስት ሌሊት ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ለምሳ ደርሰን በአራተኛው ቀን ቁርስ በልተን እንመለሳለን።

የአገር አቋራጭ ትኬት፦ 5 ሰው በደርሶ መልስ 10 ትኬት። እዚህ ላይ ብዙ ማትረፍ አይቻልም።

አልጋ፦ ሁለት ክፍል ለሦስት ሌሊት 6 ነው። አንድ ሰፋ ያለ ክፍል ይዘን ተጨማሪ ፍራሽ ብንለምን 3 ይሆናል። ግማሽ በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ምግብ፦ 9 ጊዜ ለ5 ሰው 45 ሳህን። ሦስቱን ቁርስ ከቤት በመጣ ዳቦ፣ በሶና ቆሎ ብናልፈው 30 ይቀራል። ምሳና እራት ላይ በያይነቱና ሽሮ አዝዘን ለአምስት ሰው ሦስት ሳህን ብናደርገው 18 ይሆናል። ልጅ ብቻውን አንድ በያይነቱ አይጨርስም፤ የሚተርፈውንም የምንከፍለው እኛው ነን። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ዙሪያ ተማሪ የሚበላባቸው ቤቶች አሉ፤ ሳህኑ ሙሉ፣ ዋጋው የተማሪ ነው።

የከተማ ታክሲ፦ ሰው የሚደማው እዚህ ነው። ያለ ዕቅድ የሚዞር ቤተሰብ በቀን ስድስት ጊዜ ታክሲ ይይዛል። በሁለት ሙሉ ቀን 6 በ5 በ2፣ 60 የታክሲ ሒሳብ ይሆናል። ጠዋት አንድ ጊዜ ሄደን ማታ አንድ ጊዜ ብንመለስ 20 ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ታክሲ መቀያየር የሚያስፈልግበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የአምስቱን ሰው ሒሳብ ደምሩና ከራይድ ወይም ከፈረስ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው ሳያሰላ "ራይድ ውድ ነው" ይላል፤ ለአንድ ሰው ውድ ነው፣ ለቤተሰብ ሁልጊዜ አይደለም።

መግቢያ፦ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይሄንን ነው፣ ከወጪው ትንሹ ግን እሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የልጆቹን የተማሪ መታወቂያ ያዙ፣ ቅናሽ ካለ ጠይቁ። የሚዘጉበት ቀን ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

አንድ ቀን፣ አንድ መስመር

ታክሲውን ከ60 ወደ 20 የሚያወርደው ቦታዎችን በመስመር መሰብሰብ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መስመር፦ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፣ ቁልቁል በእግር። ከላይ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ ራሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፤ ልጆች የንጉሡን መኝታ ቤት ሲያዩ ዝም ይላሉ። ከበሩ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሟል፤ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት የጨፈጨፋቸውን ሰዎች ታሪክ እዚያው ቆሞ መንገር ይቻላል፣ አይከፈልበትም። ወረድ ሲሉ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የምትታወቀው በዚህ ቤት ነው። ከዚያ አራት ኪሎ፣ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት። ጉልበት ከተረፈ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አቅራቢያ ነው፤ ዝናቡን አስጠልሎ ያስነብባል።

የሁለተኛው ቀን መስመር፦ ፒያሳ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተ ትልቅ ግቢ ነው፤ እሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይበላል። ከጎኑ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይና ቅዱስ ጊዮርጊስ አሉ። ከሰዓት ወደ መርካቶ ውረዱ። የከተማው ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ አንዱ መስመሩም በዚያ በኩል ያልፋል። በዕለቱ እየሠራ መሆኑን ጠይቃችሁ ልጆቹን ብታሳፍሯቸው ለእነሱ ትኬቱ ራሱ መዝናኛ ነው።

መርካቶን ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። የመስከረሙን ደብተርና ቦርሳ በደርዘን ዋጋ እዚያ መግዛት ይቻላል። ጳጉሜ ላይ ወረዳችሁ ከምትገዙበት ዋጋ ጋር ያለውን ልዩነት ጻፉት፤ ከጉዞው ወጪ የተወሰነው ተመልሶ ይመጣል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንድ ላይ ቢገዛ ደግሞ የበለጠ።

በቀን ከሁለት ትልቅ ቦታ በላይ አታስቡ። የሰባት ዓመት ልጅ ሦስተኛው ሙዚየም ላይ የሚያየው የአባቱን ጀርባ ብቻ ነው።

ዘመድ ቤት ነፃ አይደለም

"አልጋ ለምን? እህቴ ጋ አርፋለሁ" የሚል ብዙ ነው። ጥሩ ነው፣ ልጆችም ይዋደዳሉ። ግን አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በአብዛኛው ተከራይ ነው፤ አምስት እንግዳ ለሦስት ቀን ማብላት የወር አስቤዛውን ያናጋበታል። በእኛ ባህል ደግሞ "አልቻልኩም" አይልም፣ ተበድሮ ያስተናግዳል። ስለዚህ ወጪውን በዓይነት ክፈሉ፦ ከአገር ቤት ማር፣ ቅቤ፣ ጤፍ ይዛችሁ ሂዱ። በእናንተ ገበያ ዋጋ የገዛችሁት በእሱ ገበያ ዋጋ ይቆጠርለታል፤ ልዩነቱ ለሁለታችሁም ትርፍ ነው። ቡና ግን ለቤት የምትሆን ትንሽ ትሁን፤ ኬላ ላይ በልጆች ፊት መጨቃጨቅ አያምርም። እናንተ ደግሞ የሕጉን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

መንገዱ ይቅደም

ቀን ብቻ ተጓዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮች ጠይቁ። በየሳምንቱ ጭነት የምትልኩ ሰዎች ስለሆናችሁ መረጃው እጃችሁ ላይ ነው። ለጭነት የማያስተማምን መንገድ ለልጅ አይሆንም። ያኔ ጉዞው ይቅር፣ ወይም በቅርባችሁ ያለ ከተማ ይተካው። ዕቁቡ የትም አይሄድም።

በሐዋሳ በኩል የምትመጡ ሞጆ ስትደርሱ ልጆቹን ቀስቅሷቸው። ደረቅ ወደቡ ጋ የተደረደረውን ኮንቴይነር አሳዩአቸውና "የእኛ አገር ቡና በዚህ ተጭኖ ነው ጅቡቲ የሚወርደው" በሏቸው። ላኪ ከሆናችሁ ወይም የምታውቁት ላኪ ካለ ደግሞ አስፈቅዳችሁ የቡና ማበጠሪያ ውስጥ አንድ ሰዓት አስገቧቸው። ማሽኑን፣ ለቃሚዎቹን፣ ጆንያው ላይ የሚጻፈውን አገር ስም ይዩ። አይከፈልበትም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጠን የአሥር ዓመቱ ልጄ የማኪያቶውን ዋጋ አየና "አባዬ፣ ከአንድ ኪሎ ቡና ስንት ስኒ ይወጣል?" አለኝ። ናፕኪን ላይ አሰላን። ጥሬው ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለአንድ ስኒ 8 ግራም ብንይዝ ከአንድ ኪሎ ጥሬ መቶ ስኒ ገደማ ይወጣል። በዋጋው አባዛና ዓይኑ ፈጠጠ። "ታዲያ ለምን ገበሬው...?" ብሎ ጀመረ። ወተቱን፣ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ማሽኑን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ አንድ በአንድ ቀነስንለት። ከዚያም በኋላ ጥያቄው አላለቀም፤ እውነቱን ለመናገር የእኔም አላለቀም።

የቡና አገር ልጅ ዛፉን ያውቃል፣ ጆንያውን ያውቃል፣ ኅዳር ላይ አባቱ ቤት እንደማያድር ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አያውቅም። ነገ ዩኒየኑን የሚመራው፣ ውሉን የሚፈርመው፣ ወይም "ይሄ ሥራ አያዋጣም" ብሎ ጥሎት የሚሄደው ይኸው ልጅ ነው። የቱን እንደሚመርጥ ራሱ ይወስን፤ ግን አይቶ ይወስን።

በዚህ ሳምንት የሚሠራ

አንደኛ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ከላይ ያለውን ብዛት በራሳችሁ ቤተሰብ ልክ ጻፉት። ሁለተኛ፣ ዕቁብ ወይም ደብተር ጀምሩ። ሦስተኛ፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ ቦታ ይምረጡ፤ የመረጡት ቦታ ላይ አይነጫነጩም። አራተኛ፣ እንደ ቤታችሁ ኑሩ፣ እንደ ጎረቤታችሁ አትኑሩ፤ ሁለት ሌሊትም ይበቃል።

አዲስ አበባ ለቤተሰብ የሚሆን ንጹሕ ፔንሲዮን የምታውቁ ሰፈሩንና የሌሊት ዋጋውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሰኔ ላይ እንደ ቡናው በሰንጠረዥ አወጣዋለሁ። የነገው የገበያ መረጃ በተለመደው ሰዓት ይደርሳችኋል። መልካም እሑድ።