ሰሊጡ በመዳፍ ይመረመራል፤ መጠጡስ በምን?

በምዕራብ አርማጭሆ፣ በአብርሃ ጅራ ከተማ ሰሊጥ የሚገዛ ነጋዴ ናሙናውን ከጆንያው መሐል ሳያስወጣ፣ በመዳፉ ሳያሽ፣ እፍ ብሎ ገለባውን ሳያራግፍና ቆንጠር አድርጎ ሳያኝክ ዋጋ አይቆርጥም። ይኸው ሰው አዝመራው ተሸጦ ገንዘብ እጁ ሲገባ ደንበኛውን ሊጋብዝ፣ ወይም ለመጠጥ ቤቱ ከጎንደር ዕቃ ሊያስጭን ሲነሣ ግን ጠርሙሱን የሚገዛው በስሙና በካርቶኑ ማማር ነው። የአንድ ጥሩ ውስኪ ዋጋ ከብዙ ኪሎ ሰሊጥ ዋጋ ጋር በሚመዛዘንበት በአሁኑ ጊዜ ይህ አገዛዝ ለነጋዴ የሚያዋጣ አይደለም።

መጠጥ ቀምሶ መለየት የውጭ አገር ጌቶች ጨዋታ ተደርጎ ይታያል። ሥራው ግን ናሙና ከማየት የተለየ አይደለም፤ ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ በተራ ይሠራሉ፣ ስም የመጨረሻውን ቦታ ይይዛል። ስም መጨረሻ መምጣት እንዳለበት በሚገባ የታየው በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በተደረገ ቅምሻ ነው። ፈረንሳውያን ዳኞች የጠርሙሶቹ ስም ተሸፍኖባቸው ቀምሰው፣ በቀይም በነጭም ወይን አንደኛነቱን የሰጡት ለአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ምርት ነበር። ስሙ ቢታያቸው ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን እንደነበር የማይጠረጥር የለም።

ለአብርሃ ጅራ ነጋዴ የመጀመሪያው ጠላት ሙቀት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በሳንጃና በሶረቃ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደው መኪና ዕቃውን የሚያራግፈው ከ1 ሺሕ ሜትር በታች በሆነ ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ላይ ቀን የሚውል ወይን ጠጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። ወይን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ይበስላል ማለት ይቻላል፤ የፍሬው ሽታ ወደ ማርማላታና ወደ ተቃጠለ ስኳር ይለወጣል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየሰፋ ቡሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ካርቶን የሚረከብ ሰው ቡሹ ከአንገቱ አፍ ከፍ ያለ፣ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ የደረቀ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ካየ አልረከብም የማለት ምክንያት አለው። ሌሊት ማስጫን ከዋጋ ክርክር ይልቅ ብዙ ያተርፋል።

አረቄ፣ ውስኪና ጂን ሙቀቱን ከወይን በተሻለ ይችሉታል። አቀማመጣቸውም ይለያል። ባለ ቡሽ ወይን ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ ሲቀመጥ፣ ውስኪና ኮኛክ ግን አልኮሉ ቡሹን ስለሚበላው ቆሞ ነው። በአንዳንድ ሱቅ ወይኑ በመስኮት ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ውስኪው ተጋድሞ መታየቱ ባለሱቁ ለውበት እንጂ ለዕቃው አለማሰቡን ያሳያል።

ሌላው ስሕተት ከመጻሕፍት የመጣ ነው። ቀይ ወይን «በክፍል ሙቀት» ይቀርባል የሚለው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓ ክፍል፣ ማለትም ለ16 እና ለ18 ዲግሪ ያህል ነው። ቆላ ውስጥ የክፍል ሙቀት ከዚህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሙቀት የተቀዳ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ አፍንጫ እየመታ ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ለግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ ሌላ መጠጥ ይመስላል። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። በረዶ እስኪመስል የቀዘቀዘ ወይን ግን ጉድለቱንም ደግነቱንም ይደብቃል፤ ደካማ ወይን ያለው አሳላፊ አብዝቶ የሚያቀዘቅዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ቅምሻው ሲገባ፣ ብርጭቆው ከሲሶው በላይ አይሞላም። በነጭ ወረቀት ፊት ጋደል ተደርጎ ሲታይ ቀዩ ዳር ዳሩን ወደ ቡናማ ከሄደ ወይ ያረጀ ወይ አየር የገባበት ነው። ከዚያ ዞር ዞር ተደርጎ ይሸተታል። የኮምጣጤ ሽታ መበላሸትን፣ የረጠበ ካርቶን ሽታ የቡሽ ሻጋታን፣ የማርማላታ ሽታ የመንገድ ሙቀትን ይናገራል። አፍ ውስጥ ሲገባ የሚመረመረው ጣፋጭነቱ፣ ጎምዛዛነቱና ብዙ የፈላ ሻይ ቅጠል እንደሚያደርገው አፍን የሚሰበስበው ባሕርዩ ነው። ከተዋጠ ወይም ከተተፋ በኋላ ጣዕሙ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለውም ዋጋ አለው። ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ባለሙያ ይተፋል እንጂ አይውጥም፤ በአምስተኛው ብርጭቆ የሰከረ ዳኛ ስድስተኛውን ሊመዝን አይችልም።

በአገር ቤት ምርት መለማመድ ርካሽ ትምህርት ቤት ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጣፋጩን አክሱሚትን ከቀዩ ከጉደር፣ እነዚህን ደግሞ ዝዋይ ላይ ተክሎ በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ከገባው የካስቴል ሪፍት ቫሊ ጎን አስቀምጦ፣ ስማቸውን በወረቀት ጠቅልሎ መቅመስ ይቻላል። ስኳር ብዙ ጉድለት ስለሚሸፍን ጀማሪው ጣፋጩን መውደዱ አይቀርም። በሁለተኛው ሳምንት ግን ምርጫው ሲለወጥ ይታያል።

አርማጭሆና መተማ የራሳቸው መጠጥ አላቸው። ከማሽላና ከጌሾ ድፍድፍ የሚወጣው አረቄ ከማንኛውም የውጭ መጠጥ ያላነሰ ቀማሽ ይፈልጋል። ድፍድፉ ከማሰሮው ቂጥ ጋር ካረረ ሽታው እስከ መለኪያው ድረስ ይከተላል። ቆላ ውስጥ ተጨማሪ ችግር አለ። እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽ የሚመለሰው ተቀባዩን ዕቃ በሚያቀዘቅዘው ውሃ ሲሆን፣ ውሃው ራሱ ሞቅ ያለ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ብዙው አልኮል ተንኖ ይጠፋል። በዚህ የተነሣ የቆላ አውጪ ሴት ድካም ከደጋዋ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛ ጊዜ የወጣው ዳግም የተባለው ጠንከር ያለና የጠራ ነው። ጥሩ ዳግም አፍንጫ ላይ የእህል ሽታ ያለው፣ ጉሮሮን የሚያሞቅ እንጂ የማይቧጥጥ ነው።

ውስኪን በተመለከተ ገዢው ስለሚከፍልበት ነገር ማወቅ አለበት። የስኮትላንድ ውስኪ በሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ውስጥ የቆየ፣ ቢያንስ 40 ከመቶ አልኮል ያለው ነው። በርሜሉ በየዓመቱ 2 ከመቶ ያህል ወደ አየር ይለቃል፤ በዚህ ሒሳብ 100 ሊትር ከ12 ዓመት በኋላ 78 ሊትር ገደማ ይሆናል። የዋጋው አንዱ ምክንያት ይኸው የጠፋው 22 ሊትርና ለ12 ዓመት የታሰረው ገንዘብ ነው። «12 ዓመት» የሚለው ጽሑፍ የሚቆጥረው በበርሜል የቆየበትን ነው። ጠርሙሱ ሱቅ ውስጥ ሌላ 10 ዓመት ቢያረጅ 22 አይሆንም፤ ስለዚህ «አሮጌ ጠርሙስ ነው» እያለ ዋጋ የሚጨምር ደላላ የሚሸጠው አቧራ ነው። ቀለሙም ማስረጃ አይሆንም፤ ካራሜል መጨመር በሕግ የተፈቀደ ነው። ውስኪ ሲቀመስ እንደ ወይን አጥብቆ ማሽከርከር አያስፈልግም፤ አፍን ከፈት አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያም ጥቂት ንጹሕ ውሃ ጠብ ማድረግ ሽታውን ይከፍተዋል። ኡዞ ደግሞ ውሃ ሲነካው ወተት ይመስላል፤ ይህም የአኒስ ዘይት ስላለበት ነው። ውሃ ተጨምሮበት እንደጠራ የሚቀር ኡዞ አጠያያቂ ነው።

የተጠረጠረ ካርቶን የመጣበት ነጋዴ ቀላል መንገድ አለው። ከታመነ ጠርሙስ ሁለት ብርጭቆ፣ ከተጠረጠረው አንድ፣ ወይም በተቃራኒው ይቀዳል፤ ቀማሹ ሳያይ ቦታቸው ይለዋወጣል፤ የተለየው የቱ ነው ይባላል። ሦስት አራት ሰዎች በየተራ ያንኑ ብርጭቆ ካወጡ ካርቶኑ መመለስ አለበት።

የቅምሻ ዕውቀት የሚያልቅበት ቦታ ግን አለ። ሜታኖል የተባለው መርዘኛ አልኮል በሽታም በጣዕምም ከመደበኛው አይለይም። በእህል አረቄ ውስጥ መጠኑ ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ሲሆን፣ ሰው የሚገድለው በአብዛኛው የኢንዱስትሪ አልኮል ሲቀላቀል ነው። ክብሪት ጭሮ ነበልባሉ ሰማያዊ ከሆነ ንጹሕ ነው የሚለው የቆየ ፈተና አልኮል መኖሩን እንጂ የትኛው አልኮል እንደሆነ አይናገርም። ጠጪው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ዓይኑ ጉም ከለበሰበት፣ ካስታወከውና ትንፋሹ ካጠረው ስካር ነው ተብሎ መተኛት የለበትም፤ በቶሎ ሐኪም ቤት ከደረሰ መድኃኒት አለው።

የድንበር ገበያ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሱዳን መጠጥን በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ከለከለች፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑት ፈቀደች። በተከለከለበት የሚዘዋወር መጠጥ ስም፣ ቀንና ደረሰኝ አይኖረውም፤ ባለቤቱም አይጠየቅበትም። በአገር ውስጥም ኤክሳይስ ታክስ የዋጋውን ትልቅ ድርሻ ስለሚይዝ፣ ታክስ የማይከፍለው አስመሳይ ከሕጋዊው ነጋዴ ዋጋ ብዙ ዝቅ ብሎ መሸጥ ይችላል። ከሌላው አከፋፋይ በሲሶ የሚቀንስ የውጭ ውስኪ ሲቀርብ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለአስመሳዩ አልኮል ከማግኘት ይልቅ የሚከብደው እውነተኛ ጠርሙስ ማግኘት ነው። ይህንንም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከመጠጥ ቤቱ ጓሮ፣ በቆራሌው ጆንያ ነው። የውድ ውስኪ ባዶ ጠርሙስ ከነክዳኑና ከነካርቶኑ ከተራ ጠርሙስ በላይ ዋጋ የሚያወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ጠንቃቃ ሆቴሎች ባዶውን ከማስወጣታቸው በፊት ወረቀቱን በምላጭ ይፍቃሉ፣ ክዳኑንም ለብቻው ይጥላሉ።