ቤት ከመግዛታችን በፊት ሚዛኑን ቤተሰቡ ይያዘው

ከመርከዝ ክሊታ ወጥቶ ቋሚ ቤት መግዛት ለአዲስ ገቢ ቤተሰብ ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ነው። ማሽካንታ፣ ማለትም ከባንክ የሚወሰደው የቤት መግዣ ብድር፣ ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይከፈላል። ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ወደ ሥራ የሚሄዱበት መንገድ፣ አያት የሚወጡት ደረጃ፣ የዘመድ ጉርብትና፣ ይህ ሁሉ በአንድ ፊርማ ይወሰናል። አባት ዕዳው እንዳይበዛ ይፈራል። እናት ከእህቶቿ መራቅ አትፈልግም። ልጆች ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቃሉ። ሁሉም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁሉንም በአንድ ቤት ማግኘት አለመቻሉ ነው።

ከእኛ በፊት የገቡ ወገኖቻችንም ይህን ፈተና አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ተኩል ቀን ውስጥ ገቡ። ብዙዎቹ በሆቴልና በካራቫን ሰፈር ቆዩ። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ከኢትዮጵያ ለመጡ ቤተሰቦች ልዩ የቤት መግዣ እርዳታ ሰጠ። ብዙ ቤተሰቦች ዋጋው ወደሚቀንስበትና ዘመድ ወዳለበት፣ በረሆቦት እንደ ክሪያት ሞሼ ወዳሉ ሰፈሮች ሄዱ። ዘመድ በሐዘንም በደስታም ደራሽ ነውና ምርጫቸው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በአንድ ሰፈርና በአንድ ትምህርት ቤት የእኛው ልጆች ብቻ መብዛታቸው በኋላ ብዙ ወላጆችን አሳስቧል። ዛሬ የሚገዛ ቤተሰብ ሁለቱንም ጎን አስቀድሞ ቢመዝን ይጠቀማል።

ይህን ለመመዘን የሚረዳ ዘዴ አለ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1772 አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ለወዳጁ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ጎን የሚደግፈውን፣ በሌላው የሚቃወመውን ሐሳብ ለጥቂት ቀናት እንደሚጽፍ፣ ከዚያም ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ጎን እየሰረዘ የቀረውን እንደሚያይ አስረዳው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደግሞ ቶማስ ሳቲ የተባለ የሒሳብ ሊቅ መመዘኛዎችን ሁለት ሁለቱን የሚያወዳድር ስልት አወጣ። በዚህም ስልት ኤክስፐርት ቾይስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተሠራ። ነገር ግን ልዩ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም። እንደ ኤክሴል ያለ ተራ የሰንጠረዥ ፕሮግራም፣ ካልሆነም እርሳስና ወረቀት ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ፈጽሞ የማንቀበለውን እንለይ። አያት ደረጃ መውጣት የማይችሉ ከሆነ፣ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ይውጣ። ወርሃዊው ክፍያ ከአርኖናና ከቫዓድ ባይት ጋር ተደምሮ ከገቢያችን በላይ ከሆነም እንዲሁ። ይህን ካላደረግን በአንድ በኩል ያለው ትልቅ ነጥብ በሌላ በኩል ያለውን የማይቻል ነገር ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ መመዘኛዎችን እንጻፍ፤ 100 ነጥብም እንደ ክብደታቸው እናካፍላቸው። አንዱን ነገር በሁለት ስም አንቁጠር። የዘመድ ቅርበትና የእህቶች ቅርበት ብለን ሁለት ጊዜ ከጻፍን ሚዛኑ ያጋድላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት በየመመዘኛው ከ1 እስከ 10 ነጥብ እንስጥ፤ ነጥቡን በክብደቱ እናባዛና እንደምር።

ለማስረዳት ያህል ሦስት ቤት እንበል። አንደኛው በደቡብ፣ ርካሽና ዘመድ የበዛበት፤ ሁለተኛው በመሐል አገር፣ ውድ ግን ትምህርት ቤቱ ጥሩ፣ ሥራም የቀረበበት፤ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ያለ። ለክፍያ፣ ለዘመድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሥራ በየተራ አንደኛው 9፣ 8፣ 5፣ 4 አገኘ። ሁለተኛው 4፣ 3፣ 9፣ 9፤ ሦስተኛው 6፣ 6፣ 8፣ 7።

አባት ክብደቱን 35፣ 25፣ 20፣ 20 ብሎ ከፈለው። ድምሩ ለአንደኛው ቤት 695፣ ለሁለተኛው 575፣ ለሦስተኛው 660 ሆነ። ታላቋ ልጅ ደግሞ 25፣ 15፣ 35፣ 25 አለች። አሁን አንደኛው 620፣ ሁለተኛው 685፣ ሦስተኛው 695 ሆነ። ቤቶቹ አልተለወጡም፤ ለቤቶቹ የተሰጠው ነጥብም አልተለወጠም። የተለወጠው ክብደቱ ብቻ ነው።

ዋናው ትምህርት ይህ ነው። በቤት ውስጥ የምንከራከረው ስለ ቤቶቹ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንለያየው ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንስጥ በሚለው ነው። ኮምፒዩተሩ አይመርጥልንም። የተለያየንበትን ቦታ ያሳየናል። አባትና ልጅ ይህን ሲያዩ «የቱ ቤት?» ማለቱን ትተው «ለእኛ ከዘመድና ከትምህርት ቤት የቱ ይበልጣል?» ብለው ይነጋገራሉ። በሁለቱም ሚዛን ደህና ነጥብ ያገኘውን ሦስተኛውን ቤትም አብረው ዳግመኛ ሊያዩት ይችላሉ።

አያትም ከዚህ ምክር መቅረት የለባቸውም። ማንበብ ባይችሉ እንኳ የሳቲን ስልት በቃል መጠየቅ ይቻላል፦ «ከዘመድ መቅረብና ከሊፍት የቱ ይበልጥብዎታል? በጥቂት ነው ወይስ በብዙ?» እየተባለ ሁለት ሁለቱ ይወዳደራል። መልሱ እርስ በርሱ ከተጣረሰ ፕሮግራሙ ያስታውቃል። ዘመድ ከትምህርት ቤት ይበልጣል፣ ትምህርት ቤት ከዋጋ ይበልጣል፣ ዋጋ ግን ከዘመድ ይበልጣል ካልን፣ ገና አልወሰንንም ማለት ነው። በአገራችን ሽማግሌዎች የሁሉንም ቃል ሳይሰሙ እንደማይፈርዱት ሁሉ፣ ይህም ሚዛን የሁሉንም ቃል ይፈልጋል።

ሁለት ነገር ግን እናስጠንቅቅ። ነጥብ የምንሰጠው ባየነው እንጂ በሰማነው አይሁን። ሰፈሩን በቀንም በማታም እንየው፤ ትምህርት ቤቱ ገብተን እንጠይቅ፤ ወደ ሥራ የሚወስደውን አውቶቡስ ጠዋት ተሳፍረን እንሞክረው። ሁለተኛ፣ ክብደቱን ደላላ ወይም ሻጭ አይወስንልን። «ይህች ወረቀት ብቻ ናት» ተብሎ የሚቀርበው ዚክሮን ድቫሪም በሕግ ሊያስገድድ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃ ሳያየው፣ ቤተሰቡም ሚዛኑን ሳይጨርስ አንፈርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!