ዳኛው የት ይቁም? በቅርጫት ኳስ የነፃ ውርወራ ጊዜ የዳኞች አቋቋምና ምልክት



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ጠባብ ይመስላል። አንድ ተጫዋች በነፃ ውርወራ መስመር ላይ ሲቆም ዳኞቹ የት ይቆማሉ? በእጃቸውስ ምን ይናገራሉ? ሆኖም ማን ምን አየ፣ ያየውንስ ለማን አሳወቀ የሚለው የዳኝነት ዋና ጥያቄ ከዚህ ቅጽበት ይልቅ በግልጽ የሚታይበት ቦታ በስፖርቱ ውስጥ አላገኘሁም። ችሎት ላይ የሚሰየመውንም፣ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውንም በአንድ ቃል «ዳኛ» ብለን መጥራታችን ተገቢ ነው እላለሁ።

አስቀድሜ ሜዳውን ላስታውሳችሁ። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ ደንብ መሠረት የነፃ ውርወራው መስመር ከኋላው የሜዳ ወሰን 5.80 ሜትር፣ ከሰሌዳው ደግሞ 4.60 ሜትር ይርቃል። ቀለበቱ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል። ወርዋሪው ኳሷ ከተሰጠችው በኋላ 5 ሰከንድ ብቻ አለው። በቀለሙ ክልል ግራና ቀኝ ቢበዛ አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ ከተከላካዩ ቡድን፣ ሁለቱ ከወርዋሪው ቡድን ናቸው። ለቅርጫቱ የቀረቡት ሁለቱ ቦታዎች የተከላካዮቹ ናቸው። የቀሩት ተጫዋቾች ከነፃ ውርወራው መስመር ትይዩና ከሦስት ነጥቡ መስመር በስተኋላ ይቆያሉ።

እንግዲህ ዳኞቹ በዚህ ጊዜ ስንት ነገር መመልከት እንዳለባቸው እንቁጠር። የወርዋሪው እግር መስመሩን ረገጠ ወይስ አልረገጠም? አምስቱ ሰከንድ አለፈ? የተሰለፉት ተጫዋቾች ኳሷ ከወርዋሪው እጅ ሳትወጣ ወደ ቀለሙ ክልል ገቡ? በክንድና በወገብ መገፋፋት አለ? ኳሷ ቀለበቱን ነካች? ይህን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። የአቋቋም ሥርዓት የተዘጋጀው ዓይንን ለማከፋፈል ነው።

በሁለት ዳኞች በሚመራ ጨዋታ መሪው ዳኛ ከቅርጫቱ በታች፣ በኋላው ወሰን አጠገብ ይሆናል። የውርወራውን ቁጥር በጣቱ ያሳያል፤ ኳሷን በመሬት አንጥሮ ለወርዋሪው ያቀብላል፤ ከዚያም ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። ተከታዩ ዳኛ በሌላው ወገን፣ በነፃ ውርወራው መስመር ትይዩ ርቆ ይቆማል። ወርዋሪውን የሚመለከተው፣ አምስቱን ሰከንድ የሚቆጥረውና የኳሷን በረራ የሚከታተለው እርሱ ነው። ሦስት ዳኞች ሲኖሩ ይህ ኃላፊነት ወደ መካከለኛው ዳኛ ይተላለፋል።

በዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ እንድትሉ እፈልጋለሁ። በግራና በቀኝ የቆሙት ሁለቱ ዳኞች እያንዳንዳቸው የሚመለከቱት በአጠገባቸው የተሰለፉትን ሳይሆን በፊት ለፊታቸው ያሉትን ተጫዋቾች ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአጠገባችን የቆመ ሰልፍ አንዱ ሌላውን ይሸፍንብናል፤ የሚታየን የመጀመሪያው ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ከማዶ ያለው ሰልፍ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ተዘርግቶ ይታያል፤ በሁለት ተጫዋቾች መካከል ያለው ክፍተት፣ የሚነሣው እግር፣ የሚዘረጋው ክንድ ሁሉ ይለያል። ስለዚህ ለማየት መቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ ማዕዘኑ ከርቀቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ምልክቱ እንሸጋገር። መሪው ዳኛ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ሲያሳይ መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ከአንድ በላይ ውርወራ በተፈቀደ ጊዜ የመጀመሪያው ቢሳት ኳሷ ሙት ናት፤ ማንም ሊሻማት አይችልም። የመጨረሻው ሲሳት ግን ኳሷ ሕያው ናት፤ ሁሉም ይዘላል። እንግዲህ ጣቱ የሚናገረው «ከዚህ ውርወራ በኋላ ጨዋታው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል» የሚለውን ነው። አንዱ ቀርቷል ብሎ ቆሞ ሳለ ሌላው የመጨረሻው ነው ብሎ ቢዘል፣ ወይ ያልተገባ ጥቅም ይገኛል፣ ወይ ሰው ይጎዳል። ተከታዩ ዳኛ ያንኑ ቁጥር የሚደግመው፣ መሪው የሚያነጋግረው በቅርብ ያሉትን ተጫዋቾች ስለሆነ፣ ለጠረጴዛ ዳኞችና ለአሠልጣኞችም መልእክቱ እንዲደርስ ነው። የመጨረሻው ውርወራ ስቶ ኳሷን ሜዳ ውስጥ ያለ ተጫዋች ሲነካ ደግሞ እጅ ወደ ታች ይቆርጣል፤ ሰዓቱ የሚነሣው በዚያ ቅጽበት ነው።

የጥፋቱ ውጤትም በማን እንደ ተፈጸመ ይለያያል። ወርዋሪው መስመሩን ከረገጠ ኳሷ ብትገባም ነጥቡ አይቆጠርም። የተሰለፉት ቀድመው ቢገቡና ኳሷ ብትቆጠር ጥፋቱ ይታለፋል። ኳሷ ከሳተች ግን፣ ጥፋተኛው ተከላካይ ከሆነ ውርወራው ይደገማል፤ በመጨረሻው ውርወራ የወርዋሪው ባልደረባ ከሆነ ኳሷ ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ዳኛው ማን ቀድሞ እንደ ገባ ካላየ ይህን ሁሉ ሊፈርድ አይችልም።

የምልክትና የመግባባት ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሳየት አንድ የታሪክ ምሳሌ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የወንዶች ፍጻሜ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ተገናኙ። 3 ሰከንድ ሲቀር ሶቪየት 49 ለ48 እየመራች፣ አሜሪካዊው ደግ ኮሊንስ ሁለት ነፃ ውርወራ ተሰጠው። የመጀመሪያውን አስቆጠረ። ሁለተኛውን ሊወረውር ሲል ከጠረጴዛው የጡሩምባ ድምፅ ተሰማ፤ ዳኞቹ ግን አላስቆሙትም፤ እርሱም አስቆጥሮ ውጤቱ 50 ለ49 ሆነ። ሶቪየቶች የዕረፍት ጊዜ ጠይቀን ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰከንዶች ተመልሰው ተደጋገሙ፤ በመጨረሻም አሌክሳንደር ቤሎቭ አስቆጥሮ ሶቪየት 51 ለ50 አሸነፈች። አሜሪካውያኑ የብር ሜዳሊያውን ለመቀበል እምቢ አሉ።

ስለ ፍርዱ ትክክለኛነት ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ ወደዚያ ክርክር አልገባም። የምለው ይህን ነው፦ ክርክሩ የተነሣው ማንም የወርዋሪውን እግር ሳያይ ስለ ቀረ አይደለም። በጠረጴዛው፣ በአሠልጣኙና በሜዳው ዳኛ መካከል የተጠየቀውና የተሰማው ነገር ስላልተገናኘ ነው። ከኳሷ መሰጠት በፊት ዳኛው ወደ ጠረጴዛው መመልከቱ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ማሳየቱ፣ ባልደረባው መድገሙ ታካች ልማድ ቢመስልም የሚጠብቀው ይህን ክፍተት ነው።

በአባቶቻችን ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው በቆመበት ይቆም ነበር ይባላል። ፊሽካም እንዲሁ አሥር ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ያቆማል። ነገር ግን ማቆም የሥልጣን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሥልጣኑ የሚታመነው የቆሙት ሰዎች ቀጥሎ የሚሆነውን እኩል ሲያውቁና የሚፈርደው ሰው ሊያይ ከሚችልበት ቦታ እንደ ቆመ ሲመለከቱ ነው።

ዳኝነትን ለምታጠኑ ተማሪዎች አንድ ነገር ልለምን። በሚቀጥለው ጨዋታ ነፃ ውርወራ ሲሰጥ ኳሷን ለጥቂት ጊዜ ተዉአትና ዳኞቹን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ማንን እያየ ነው? ጣቱን ለማን እያሳየ ነው? ይህን መመለስ ስትችሉ የደንቡን ምክንያት አግኝታችኋል ማለት ነው።