«አንድ» የሚባለው ምት የት ወደቀ?

ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ ኖርዝፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። እዚያ ባለው ካርልተን ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃ ያስተማሩት ጀስቲን ለንደን እ.ኤ.አ. በ2004 «ሂሪንግ ኢን ታይም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ የምት አከፋፈል ድምፁ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀን ነገር ሳይሆን አድማጩ ራሱ የሚሠራው ነው። ጆሯችን የሚመጣለትን ድምፅ እየተከተለ ቀጣዩ ጠንካራ ምት መቼ እንደሚወድቅ ቀድሞ ይጠብቃል። እግራችን ሳናዝዘው ወለሉን የሚመታው፣ ትከሻችንም ከዘፈኑ ጋር የሚነሣው በዚሁ መጠበቅ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለሙዚቃ ምሁራን ነው። ነገር ግን ቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ለሪትም ጌም ዘፈን የሚያዘጋጁ ወጣቶች ዕለት ተዕለት የሚገጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው። ዘፈኑ መሀል ላይ አከፋፈሉን ሲቀይር የቆጠራው መነሻ የሆነው፣ «አንድ» የሚባለው ምት የት ወደቀ?

ሪትም ጌም ዘፈን እየተሰማ በስክሪኑ ላይ የሚፈሱ ምልክቶችን ከምቱ እኩል መምታት ነው። ኮናሚ በ1998 ያወጣው «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» በእግር ይረገጣል፤ የ2005ቱ «ጊታር ሂሮ» በፕላስቲክ ጊታር ይመታል፤ በ2007 የወጣው «ኦሱ» ደግሞ በማውስና በኪቦርድ ይጫወቱታል። ምልክቶቹን በዘፈኑ ላይ የመደርደሩ ሥራ ቻርት መሥራት ይባላል። ሥራው ቸልታን አይወድም፤ በ«ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» ከፍተኛውን ነጥብ ለማግኘት ከምቱ የሚፈቀደው ልዩነት የሰከንድ 1/60ኛ ገደማ፣ ማለትም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ጀማሪው በብዛት የሚሳሳተው ቴምፖንና ታይም ሲግኔቸርን ሲያደባልቅ ነው። ቴምፖ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ ስንት ምት እንዳለ ይነግረናል። ታይም ሲግኔቸር የሚናገረው ምቶቹ ስንት ስንት ሆነው እንደሚቧደኑ ነው፤ አንዱ ቡድን ባር ይባላል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል፤ የ4/4 አንድ ባር 2 ሰከንድ ይሆናል። ዘፈኑ ወደ 7/8፣ ማለትም ወደ ሦስት ምት ተኩል፣ ሲሻገር ፍጥነቱ ሳይነካ ባሩ በግማሽ ምት ያጥርና 1.75 ሰከንድ ይሆናል። ጀማሪው ግን ጠንካራው ምት ቶሎ ሲመጣበት «ዘፈኑ ፈጠነ» ይልና አራቱን ምት በ1.75 ሰከንድ ለማስገባት ቴምፖውን ወደ 137 ከፍ ያደርገዋል። የባሩ መነሻ በትክክል ይገጥምለታል። ውስጡ ግን ተበላሽቷል፤ ሁለተኛው ምት በ62 ሚሊ ሰከንድ፣ ሦስተኛው በ125፣ አራተኛው በ187 ቀድሞ ይመጣል። ተጫዋቹ በትክክል እየመታ ነጥብ ሲነፈገው ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ሌላው ስሕተት ምንም አለማድረግ ነው፤ ዘፈኑ 7/8 እየሄደ ቻርቱን በ4/4 መተው። ምልክቶቹ በቦታቸው ስለሚቀመጡ ሲሰማ ሁሉም ደህና ይመስላል። ይሁንና የባሩ መሥመር በየዙሩ በግማሽ ምት ወደ ኋላ ይቀራል። ክፍሉ 8 ባር ከሆነ 8 ጊዜ 3.5 ምት 28 ምት ነው፤ ይህ ደግሞ 7 ሙሉ የ4/4 ባር ስለሆነ ነገሩ በራሱ ይታረቃል። 5 ባር ከሆነ ግን 17.5 ምት ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መሥመሩና ሙዚቃው አይገናኙም።

«መሥመር ምን ያደርጋል? ምልክቱ ጊዜውን ከጠበቀ ይበቃል» የሚል ይኖራል። አይበቃም። በ«ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» በዋናው ምት ላይ ያለ ቀስት ቀይ፣ በምቱ እኩሌታ ላይ ያለው ሰማያዊ የሚሆንበት አሠራር አለ፤ የለመደ ተጫዋች ከቅርጹ ይልቅ ቀለሙን አይቶ ምቱን ያነባል። አከፋፈሉ በግማሽ ምት ከተንሸራተተ ጠንካራው ምት ሰማያዊ ለብሶ ይመጣል። ዓይን አንድ ነገር ይናገራል፣ ጆሮ ሌላ። ጆሮ ቀጣዩን ምት ቀድሞ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለንደን እንደሚሉት፣ ቻርቱ የሚያግዘው ወይም የሚያደናቅፈው ይህንኑ መጠበቅ ነው።

«ክሎን ሂሮ» በተባለው ነፃ ጌም ደግሞ ጉዳዩ ነጥብ ይነካል። ነጥብን እጥፍ የሚያደርገው ስታር ፓወር ሙሉ ሲሆን 8 ባር ይቆያል፤ የሚለካው በሰከንድ ሳይሆን በባር ነው። በ120 ፍጥነት 8 የ4/4 ባር 16 ሰከንድ ነው፤ 8 የ7/8 ባር 14 ሰከንድ። ቻርት ሠሪው ታይም ሲግኔቸሩን ካልቀየረ ለተጫዋቹ ያልተገባ ሁለት ሰከንድ እየሰጠው ነው፤ በተቃራኒው ከተሳሳተ ደግሞ እየነጠቀው። በዚህ ጌም ፋይል ውስጥ አንድ ሩብ ኖታ፣ ማለትም የ4/4 አንድ ምት፣ አብዛኛውን ጊዜ 192 ክፍል አለው፤ ስለዚህ የ4/4 ባር 768፣ የ7/8 ባር 672 ይሆናል። ታይም ሲግኔቸሩ ሲጻፍ የታችኛው ቁጥር በቀጥታ አይገባም፤ የሚገባው 2 ስንት ጊዜ በራሱ እንደሚባዛ ነው። ለ7/8 «7» እና «3» ተብሎ ይጻፋል፤ 2 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 8 ስለሚሆን። በእጁ የሚጽፍ ሰው «7» እና «8» ቢል ፕሮግራሙ 7/256 ብሎ ይረዳዋል። ሚዲ ፋይልም ውስጥ ሕጉ ይኸው ነው።

እንደ «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» በቀስት የሚጫወቱት «ስቴፕማኒያ» ግን ሌላ ዓለም ነው። በፋይሉ ውስጥ አንድ ባር ምንጊዜም 4 ምት ነው፤ ታይም ሲግኔቸር የሚጻፍበት ቦታ ቢኖረውም የቀስቶቹን አቀማመጥ አይለውጥም። የዚህ ጌም ቻርት ሠሪዎች ዘዴ ፈጥረዋል። የ7/8ቱን የመጨረሻ ግማሽ ምት ቴምፖውን ለቅጽበት ከ120 ወደ 240 እጥፍ አድርገው እንደ አንድ ሙሉ ምት ይቆጥሩታል፤ ጊዜው ያው 250 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ቀጣዩ ባር ግን እንደገና ከቀይ ይጀምራል። ቀስቶቹ በዚያች ቅጽበት እንዳይሮጡ የፍሰቱን ፍጥነት በግማሽ ይቀንሱታል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ተጫዋቹ ግን መደረጉን እንኳ አያውቅም፤ መልካም ቻርት የምለው ይህን ነው።

ሁሉም ለውጥ ግን እንደ 7/8 ጎልቶ አይሰማም። የአውትካስትን «ሄይ ያ!» ዓለም ሁሉ ጨፍሮበታል፤ ዙሩ ሦስት የ4/4 ባር፣ አንድ የ2/4 ባር፣ ከዚያ ሁለት የ4/4 ባር ነው፤ በድምሩ 22 ምት። በ4/4 ብቻ ከተተወ ዙሩ አንዴ ከአንደኛው ምት፣ አንዴ ከሦስተኛው ይነሣል። አድማጩ ምንም ሳይሰማው የሚያልፈውን ያቺን 2/4 ማግኘት የቻርት ሠሪው ኃላፊነት ነው። የቢትልስ «ሂር ካምስ ዘ ሰን» በ2009 በወጣው «ዘ ቢትልስ፦ ሮክ ባንድ» ውስጥ አለ፤ የመሀሉን ክፍል ብዙዎች 11/8፣ 4/4፣ 7/8 ብለው ይከፍሉታል፤ ምቶቹን በሦስት በሦስት ሰብስቦ በሌላ መንገድ የሚጽፈውም አለ። የኖታዎቹ ጊዜ በሁለቱም አንድ ነው። የሚለየው ጸሐፊው «አንድ»ን የሰማበት ቦታ ነው።

ይህ የመስማት ልዩነት ከአስተዳደግ ይመጣል። ተመራማሪዎቹ ኤሪን ሃነንና ሳንድራ ትሬሀብ በ2005 ባሳተሟቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የስድስት ወር ሕፃናት ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተለመደውን ምትም የባልካን አገሮችን ያልተመጣጠነ ምትም እኩል ይለያሉ። ዓመት ሲሞላቸው ጆሯቸው ወደ ቤታቸው ሙዚቃ አድልቷል። ሆኖም የአንድ ዓመቶቹ የውጭውን ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ቤታቸው ሲሰሙ መልሰው ይይዙታል፤ አዋቂዎች ግን እንዲህ በቀላሉ አይሆንላቸውም። ትምህርት ቤት በ4/4 እያጨበጨበ፣ ቤቱ ደግሞ ችክችካ እየሰማ ለሚያድግ የሴንት ፖል ወይም የሚኒያፖሊስ ሐበሻ ልጅ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁለት ጆሮ አለው።

መንትዮቹ ከተሞች ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሪትም ጌም ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላቸው። የሚኒያፖሊሱ ሙዚቀኛ ፕሪንስ ሙዚቃው «ጊታር ሂሮ» ውስጥ እንዲገባ ተጠይቆ እንዳልተቀበለ በ2009 በታቪስ ስማይሊ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ተናግሯል፤ ልጆች እውነተኛ ጊታር ቢማሩ ይሻላል ነበር ምክንያቱ። አከብርለታለሁ፤ አልስማማበትም። አንድ ዘፈን በትክክል ቻርት ያደረገ ልጅ የዘፈኑን አጥንት ቆጥሯል። የራሱ የፕሪንስ ሥራ ጥሩ ማስተማሪያ በሆነ ነበር። «ዌን ዳቭስ ክራይ» ሊን ኤል ኤም-1 በተባለው የከበሮ ማሽን ላይ የቆመ ነው፤ ማሽን ምት ስለማያዛንፍ አንድ ቴምፖ ሊበቃው ይችላል። የ«ፐርፕል ሬይን» መሠረቱ ግን እ.ኤ.አ. በኦገስት 1983 ሚኒያፖሊስ ፈርስት አቬኑ በተባለው አዳራሽ በሕዝብ ፊት የተቀዳ ነው። ከመድረክ የተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሠሪው እያንዳንዱን ባር በጆሮው እየፈተሸ፣ ቴምፖውን በትንሽ በትንሹ እያስተካከለ መሄድ አለበት።

አሁን ወደ እኛ ዘፈን እንምጣ። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ኖታ አለው፤ ሦስት ሦስት ሆነው ሁለት ትልልቅ ምት ይሠራሉ። ያ ትልቅ ምት በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚቆጥሩት ሩብ ኖታን ስለሆነ ቴምፖው 180 ተብሎ መግባት አለበት፤ ታይም ሲግኔቸሩም 6/8። 180ውን አስገብቶ ታይም ሲግኔቸሩን 3/4 ያለ ሰው ባሩን በትክክል ይለካል፤ የምቱ መሥመር ግን ሁለት ሁለት እየሆነ ሦስት ቦታ ይወድቃል፤ ትከሻችን ደግሞ ሁለት ቦታ ነው የሚነሣው። «ስቴፕማኒያ» ላይ 120 ብሎ እያንዳንዱን ምት ለሦስት መክፈል የተሻለ ነው፤ ያኔ ቀዩ ቀስት ከበሮው በሚከብድበት ላይ ይሆናል። ዘፈኑ ከችክችካ ወደ 4/4 ከተሻገረ ደግሞ ሠሪው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ሳይለወጥ የተሻገረው ትልቁ ምት ነው ወይስ ትንሿ ስምንተኛ? ትልቁ ምት ከሆነ ቴምፖው ከ180 ወደ 120 ይወርዳል፤ ስምንተኛዋ ከሆነች 180 እንዳለ ይቀጥላል። ይህን በቁጥር መፍታት አይቻልም፤ እያጨበጨቡ መስማት ነው።

በቤተ ክርስቲያን አቋቋም ያደገ ሰው ይህን ሽግግር በሰውነቱ ያውቀዋል። ዝማሬው በመረግድ በዝግታ ጀምሮ ወደ ጽፋት ሲገባ ከበሮው ይፈጥናል፤ ጭብጨባው ይከተላል፤ መቋሚያውና ጸናጽሉ አብረው ይሻገራሉ፤ ማንም ቁጥር አልጻፈለትም።

ሥራውን መጀመር ለምትፈልጉ ልጆች ምክሬ ይህ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ዘፈኑን ሙሉውን እያጨበጨባችሁ ስሙ፤ እጃችሁ የተደናቀፈበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ለውጡ ያለው እዚያ ነው። ባሱ የት እንደሚወድቅ፣ ኮርዱ የት እንደሚቀየር አድምጡ። ለውጡን ባር መሀል ሳይሆን ባር መነሻ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ የሜትሮኖሙን ድምፅ ከፍታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈትሹት። የሰው ዘፈን ላይ ከተለማመዳችሁ በኋላ ደግሞ የወላጆቻችሁን ካሴት አውጡና ችክችካውን በ6/8 ጻፉልን።