የእግር ዝሆኔ በሳሙናና በውሃ ይታከማል

በደጋና በወይና ደጋ አጥቢያዎቻችን እሑድ ጠዋት ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡ፣ ጉባኤው ሳይበተን ቀድመው የሚወጡ ወገኖች አሉ። እግራቸው አብጧል፤ ሽታም አለው። ከእነርሱ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥ የሚፈራው ብዙ ነው። ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቅ አይገኝም፤ «እርግማን ነው፣ ይጋባል» ይባላልና።

ሕመሙን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ ከምታስተላልፈው የቆላ ዝሆኔ የተለየ ነው። የሚይዘው ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲረግጥ የኖረውን ሰው ነው። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳ ውስጥ አልፎ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ የሚሄድባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላል። ቧንቧዎቹ ሲደፈኑ ፈሳሹ እግር ውስጥ ይቀራል፤ እግሩም ያብጣል። ይህንን በአገራችን ሠርተው በጥናት ያስረዱት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ሕመሙን የሚያመጣ ተሐዋሲ ስለሌለ አብሮ በመብላትም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም።

በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ሰው መታመሙ ግን እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው በአፈሩ ይበልጥ እንደሚጎዳ አሳይቷል። እንዲህ ያለውም ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ ከሕመሙ ሊጠበቅ ይችላል።

ለታመመው የሚደረገው ይህ ነው። እግሩን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎም የጤና ሠራተኛው ባሳየው ልክ ጥቂት በረኪና በገባበት ውሃ ይዘፈዝፈዋል። ከዚያ አድርቆ ቫዝሊን ይቀባል፤ ካልሲና ጫማ ያደርጋል። ሲቀመጥና ሲተኛ እግሩን ከፍ ያደርጋል። አንዳንዱ ፋሻም ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው በጣቶች መካከል የሚቀረው እርጥበት ነውና፣ የፕሮጀክት ሠራተኞች ማድረቁን በቃል ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ያሳዩ። የታማሚውን እግር ሳይጸየፉ መንካታቸው ራሱ ለቤተሰቡ ትምህርት ነው።

በጊዜ የተጀመረ እንደ ሆነ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታውም ይጠፋል። የቆየና የጠጠረ እባጭ ግን በማጠብ ብቻ አይወገድም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው አለ። ታማሚዎች በየጊዜው ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይነሣባቸዋል፤ ብዙዎች «ምች መታኝ» ብለው ለቀናት ይተኛሉ፤ እርሻውም ይቆማል። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግራቸውን በዚህ መንገድ የተንከባከቡት ይህ ሕመም የሚነሣባቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን መሆኑን አረጋግጧል። በሚነሣበት ጊዜ ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ወደ ጤና ጣቢያም መሄድ ይገባል።

የጫማው ነገር ቀላል አይደለም። ያበጠ እግር በገበያ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በግድ የገባውም ያቆስላል። ስለዚህ ለጫማ መዋጮ የምታሰባስቡ ምእመናን ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት ታማሚውን በወረቀት ላይ አቁማችሁ የሁለቱን እግሮች ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ፤ የቁርጭምጭሚቱንም ውፍረት በክር ለኩ። ቀኝና ግራው እኩል የሚሆነው ከስንት አንዱ ነው። ልኩን ይዛችሁ ወደ ጫማ ሰፊው ሂዱ።