ያለዕድሜ መቀጨት በኢትዮጵያ

ያለዕድሜ ሞት የሚባለው አንድ ሰው በቂ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና ደህና ሕክምና ቢያገኝ ሊደርስበት ይችል ከነበረው ዕድሜ ቀድሞ መሞቱ ነው። ድንበሩ የት እንደሚሰመር ሁሉም አይስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት የልብ፣ የካንሰር፣ የስኳርና ሥር የሰደዱ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞችን ጉዳት ሲያሰላ ከ30 እስከ 70 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚደርሰውን ሞት ይቆጥራል። ኢትዮጵያን በዚህ ብቻ መለካት ግን ዋናውን ነገር ያስቀራል፤ በአገሪቱ ለረጅም ዘመን ያለዕድሜያቸው ከሚቀጩት ብዙዎቹ ገና ዳዴ የሚሉ ሕፃናት ነበሩና።

በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳየ። ከስድስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። ቁጥሩ በ1997 ወደ 123፣ በ2003 ወደ 88፣ በ2008 ወደ 67፣ በ2011 ደግሞ ወደ 59 ወረደ።

እነዚህ ቁጥሮች ከሞት መዝገብ የተቀዱ አይደሉም። ጠያቂዋ ከእናቲቱ ጋር ቁጭ ብላ፣ የወለደቻቸውን ልጆች ከበኩሩ ጀምራ በተራ ትመዘግባለች፦ መቼ ተወለደ፣ ዛሬ በሕይወት አለ ወይ፣ ከሌለ በስንት ቀኑ ወይም በስንት ወሩ ሞተ። ስም ሳይወጣለት ያለፈ ጨቅላ ከቆጠራው እንዳይቀር፣ ተወልዶ ካለቀሰ በኋላ ያልተረፈ ልጅ እንደነበራት ለብቻው ትጠየቃለች። አገሪቱ ስለ ሕፃናት ሞት የምታውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከእነዚህ እናቶች ትውስታ ነው።

ለውጡን ያመጣው ውድ ሕክምና አይደለም። መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ ቀስ በቀስ ተስፋፋ፤ በ2004 የሳንባ ምች፣ በ2006 ደግሞ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው የሮታ ቫይረስ ክትባት ተጨመሩበት። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ የሆኑት እነዚህ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ሕፃናት ያስከትባሉ፣ አጎበር ያድላሉ፣ በጤና ኬላው ወባ ይመረምራሉ። የወባን ነገር ማሳነስ አይገባም፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የጤና ኬላዎቹ በኋላ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ራሳቸው እንዲያክሙ ሲፈቀድላቸው፣ ሆስፒታል ለመድረስ ቀን ሙሉ መጓዝ የነበረባት እናት መድኃኒቱን በሰፈሯ አገኘች።

በመጀመሪያው ወር የሚደርሰው ሞት ግን በዚህ ፍጥነት አልቀነሰም። በ1992 ከ1,000 ጨቅላዎች 49ኙ በአንድ ወራቸው ውስጥ ይሞቱ ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ 33 ነበር። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ የሚያልፉ ሆኑ። ያለጊዜው የተወለደን፣ በምጥ የታፈነን ወይም ከተወለደ በኋላ ደሙ የተመረዘን ጨቅላ ቤት ለቤት በመዞር ብቻ ማትረፍ አይቻልም። ተወልዶ ያልተነፈሰ ሕፃን ቶሎ መድረቅ፣ ጀርባው መታሸት፣ ካልሆነም በመጀመሪያዋ ደቂቃ በጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መሰጠት አለበት። ለዚህ የሠለጠነች አዋላጅ እዚያው መገኘት አለባት። በ1992 በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ሲሆኑ በ2011 ወደ 48 ደርሰዋል። የእናቶችም ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር በ1992 ከነበረበት 871 በ2008 ወደ 412 ወርዷል። ይህም ቢሆን እጅግ ብዙ ነበር።

የጎልማሶቹ ሞት የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ በኋላ፣ ሥራና ቤተሰብ የያዙ ወጣቶች በብዛት መሞት ጀመሩ። በአዲስ አበባ ይህን የገለጠው ከ1993 ጀምሮ በመቃብር ስፍራዎች የተካሄደው ክትትል ነው፤ መዝጋቢዎች የሟቹን ዕድሜና ጾታ፣ እንዲሁም ቀባሪዎች የሚናገሩትን የሞት ምክንያት ይጽፉ ነበር። ቤተሰብ ኤድስ ማለትን ሸሽቶ «የሳንባ በሽታ ነው» ቢልም፣ የሟቾቹ ዕድሜ እውነቱን ይናገር ነበር። በ1997 ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በኤድስ ምክንያት የሚፈጸመው ቀብር በዚያው መዝገብ ላይ በእጅጉ ቀነሰ።

ዛሬ በጎልማሶች ላይ እየከበደ የመጣው ሌላ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ከሞቱት ከመቶ 39ኙን የገደሉት ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹ ግን አያውቁም። ደም ግፊት ሳያመም ስለሚቆይ፣ ብዙው ሰው ሕክምና የሚሄደው ግማሽ አካሉ ከደነዘዘ ወይም ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ ነው። የመኪና አደጋም አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ደግሞ ብዙ ሰው ከመቅጠፉ ሌላ፣ ብዙ ጤና ተቋማት እንዲዘረፉና እንዲፈርሱ በማድረጉ የሕፃናቱን ክትባትና የእናቶችን ወሊድ ጭምር አስተጓጉሏል።

የጎልማሶች ሞት እንደ ሕፃናቱ በእናት ትውስታ በደንብ ሊቆጠር አይችልም፤ መዝገብ ይፈልጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ስለሚያስፈልግ ፈላጊ አለው፤ የሞቱን ግን የውርስ ጉዳይ ያለበት ካልሆነ ቀበሌ ድረስ ሄዶ የሚያስመዘግብ ጥቂት ነው። ዕድሩ የሟቹን ስም ያውቃል፣ ገንዘብም ይከፍላል። ዕድሜውንና የገደለውን በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም።